ምስሏ ከድምጿ ቀደመ

የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ጥር ወር ተመርቆ ሥራ ሲጀምር ኢትዮጵያ ባሕር ማዶ ላለው ዓለም በራሷ አንደበት የምትናገርበት መሣሪያ አገኘች። ጣቢያውን የተከለው አንሳልዶ የተባለ የጣልያን ኩባንያ ነበር። ዓመት ሳይሞላ የዚያው አገር ጦር መረብን ተሻገረ። ወረራው ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በ1928 መባቻ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለአሜሪካ ሕዝብ ንግግር ያደረጉት በዚሁ ጣቢያ ነው። በዚያው ሰሞን እቴጌ መነን ለዓለም ሴቶች በሬዲዮ የሰላም ጥሪ አሰሙ። ከኢትዮጵያ ተነሥቶ ድንበር ከተሻገረው የሴት ድምፅ መካከል ከቀደሙት አንዱ ይህ የእሳቸው ነው።

የእቴጌይቱ የዘር ሐረግ ለዚህ ታሪክ ትልቅ ፍሬ ነገር አለው። እናታቸው ወይዘሮ ስኂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ናቸው። ንጉሥ ሚካኤል ደግሞ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ክርስትና እስኪነሡ ድረስ የወሎው ኢማም መሐመድ አሊ ነበሩ። እቴጌ መነን የተናገሩት እንደ ክርስቲያን ንግሥት ቢሆንም አያታቸው የተወለዱት ከሙስሊም ቤት ነው። ያ ቤት የበቀለባት ወሎ ሴቶቿን ለዓለም ጋዜጣ ያስተዋወቀችው አቃቂ ላይ አንቴና ከመቆሙ ከስድሳ ዓመት በላይ አስቀድማ ነው። በዚያ ጊዜ ግን የሚናገሩበት ነገር ማንም አልሰጣቸውም።

ነገሩ የሆነው በ1860 ዓ.ም. ነው። የእንግሊዝ ጦር አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ወደ መቅደላ ሲጓዝ ጋዜጠኞችንና ሠዓሊዎችን አስከትሎ ነበር። ለኒውዮርክ ሄራልድ የሚጽፈው ሄንሪ ሞርተን ስታንሊ አንዱ ነበር። ለለንደን ሥዕላዊ ጋዜጣ የሚሥለው ዊልያም ሲምፕሰንም አብሮ ነበር። ጦሩ መቅደላ ሲደርስ አካባቢውን የያዙት ሁለት ተቀናቃኝ የወሎ ሙስሊም ንግሥቶች፣ ወርቂትና መስተዋት፣ ነበሩ። ወርቂት በ1857 ምኒልክ ከመቅደላ ሲያመልጡ በግዛታቸው አሳልፈው ወደ ሸዋ የሸኙ ሴት ናቸው። በመቅደላ ታስሮ የነበረው ልጃቸው ሕይወቱን የከፈለው በዚህ ውሳኔ ሳቢያ ነው። የመስተዋት ጦር ደግሞ አምባውን ዙሪያውን ከቦ የቴዎድሮስን ሰዎች መውጫ አሳጥቷል። ሁለቱም አምባው ለእኔ ይገባኛል ብለው የእንግሊዙ ጦር አዛዥ ጄኔራል ናፒየር ዘንድ ቀረቡ። እሱ ግን ለማንም ሳይሰጥ አቃጥሎት ተመለሰ።

በዘመቻው ዙሪያ የተጻፉት መጻሕፍት የሁለቱን ንግሥቶች ስም ይዘዋል። ሆኖም ጦር ያሰለፉ፣ ድርድር የመሩ፣ ልጅ የገበሩ ሴቶች በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት እንደ መንገድ ዳር አስደናቂ ነገር ነው። ንግግራቸው በአስተርጓሚ አልፎ በመኮንኖች ማስታወሻ ተጨምቆ አንድ ሁለት መስመር ሆኖ ቀርቷል። የእኛም የታሪክ መጻሕፍት ከዚህ ብዙም አልራቁም። ወርቂት የሚጠሩት ምኒልክ ሲያመልጡ ነው፤ ምኒልክ ሸዋ ከገቡ በኋላ ታሪኩ ይተዋቸዋል።

ሐረርም የደረሰባት ይኸው ነው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ከተማዋ ገብቶ ጥቂት ቀናት ብቻ ተቀመጠ። በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ሐረር ሴቶች መልክ፣ አለባበስና ድምፅ ሳይቀር ፍርድ ሰጠ፤ መልካቸውን ሲያደንቅ ድምፃቸውን ጆሮ የሚበሳ አድርጎ ጻፈ። የቤቱን ንብረት ስለሚያስተዳድሩት፣ በአፎቻ ማኅበር ሐዘንና ደስታን ስለሚሸከሙት ሴቶች ምንም የሚያውቀው ነገር አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ ሐረርን ያስተዋወቁ የጉዞ መጻሕፍትና የቱሪዝም ፖስተሮች መነሻቸው ከእሱ የተለየ አይመስልም፦ ደማቅ ልብስ፣ በግድግዳ ላይ የተደረደረ ሰፌድ፣ ከጠባብ ጀጎል መንገድ ብቅ ያለች ሴት። ምስሉ ውብ መሆኑን ማንም አይክድም። የሴቲቱን ስም ግን የፖስተሩ አታሚ ጠይቆ አያውቅም።

ወደ አቃቂ እንመለስ። የጂቡቲው ባቡር አቃቂ የደረሰው በ1915 እ.ኤ.አ. ነው። ቀሪውን 23 ኪሎ ሜትር ጨርሶ አዲስ አበባ ለመግባት ሁለት ዓመት ወሰደበት። በባቡሩ ከጨው፣ ከጨርቅና ከቡና ጋር ከድሬዳዋ፣ ከሐረርና ከሱማሌ አገር የመጡ ነጋዴ ሴቶችም ይጓዙ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ጋዜጦች እነዚህን ሴቶች በአንድ ስም ብቻ አወቋቸው፦ ኮንትሮባንዲስት።

አሠራሩን የድሬዳዋ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ድሪያ በድሪያ ላይ ይደረብ፣ ብትን ጨርቅ ወገብ ላይ ይጠመጠም፣ ከላይ ሰፊ ሻሽ ይጣል ነበር። የቀረው ዕቃ ለማያውቁት ተሳፋሪ ሁሉ «እባክህ ይቺን ያዝልኝ» እየተባለ ይከፋፈል ነበር። ፊናንስ ፖሊስ ፉርጎው ውስጥ ሲገባ ሁሉም ጸጥ ይል ነበር። ከተያዘ ይወረስ ነበር፤ ካለፈ ልጅ ትምህርት ቤት ይከርም ነበር። የቃሊቲ ጉምሩክ ስሙ በአገሩ ሁሉ የታወቀው በትልልቅ ኮንቴይነሮችና በጨረታ ነው፤ የእነዚህ ሴቶች ዕቃ የሚለካው በወገብ ዙሪያ ነበር። ዜናው ግን ሁልጊዜም አንድ ዓይነት ነው፦ ግምቱ ይህን ያህል ብር የሆነ የኮንትሮባንድ ዕቃ በቁጥጥር ሥር ዋለ። ዕቃው ተቆጥሮ ተጽፏል። ሴቲቱ በባል ሞት ይሁን በድርቅ ወይም በሥራ ማጣት ባቡር ላይ እንደወጣች የጠየቀ ዘጋቢ እጅግ ጥቂት ነው። ሕግ መጣሱን መዘገብ ተገቢ ሥራ ነው። ሃይማኖቷንና አለባበሷን የወንጀል ምልክት እስኪመስል ድረስ ከዚህ አንድ ዜና ጋር ብቻ አጣብቆ ለዓመታት ማሳየት ግን አንባቢን ማሳሳት ነው።

ከነጻነት በኋላ የተጀመረው ፕሬስ ሙስሊሙን አልረሳውም ማለት ይቻላል። «ሰንደቅ ዓላማችን» በ1933 ሲጀመር በአማርኛና በዐረብኛ ይታተም ነበር፤ «አል ዓለም» የተባለ የዐረብኛ ጋዜጣም ተከተለ። ሮማነወርቅ ካሳሁንም የመጀመሪያዋ ሴት የሬዲዮ ጋዜጠኛ ሆና መንገድ ጠርጋለች። ሁለቱ በሮች፣ የሴቶቹና የሙስሊሞቹ፣ ጎን ለጎን ተከፈቱ። ሙስሊም ሴት ግን በየትኛው ልትገባ እንደምትችል ያሰበ ሰው አልነበረም። ዐረብኛው ለወንዶች ዑለማና ለነጋዴዎች ተጻፈ፣ የሴቶች ዓምድም በአብዛኛው ለከተማዋ ክርስቲያን እመቤት ተዘጋጀ።

1966 ዓ.ም. ሁለት ነገር ይዞ መጣ። ሚያዝያ 12 ቀን በአዲስ አበባ ጎዳናዎች እጅግ ብዙ ሙስሊሞችና አብረዋቸው የቆሙ ክርስቲያኖች ለሃይማኖት እኩልነት ሰልፍ ወጡ። ከጥያቄዎቹ አንዱ፣ የሙስሊም በዓላት የሕዝብ በዓል ይሁኑ የሚለው፣ በዚያው ዓመት በመጣው ደርግ ተመለሰ። ኢድ በቴሌቪዥን ሊታይ የቻለው ከዚህ በኋላ ነው። ካሜራው ስታዲየም ውስጥ ሰፍ ሰፍ የቆሙትን ወንዶች ለረጅም ጊዜ ያሳያል። ከዚያ ልጅ ወዳዘሉ፣ አዲስ ልብስ ወደለበሱ ሴቶች ዞር ብሎ ጥቂት ሰኮንድ ይቆይና ወደ ንግግር አድራጊዎቹ ይመለሳል። የኢድ ዜና አቀራረብ ለአሠርት ዓመታት ከዚህ ብዙ አልተለወጠም።

ሁለተኛው ነገር የወሎ ረሃብ ነው። ጥቅምት 8 ቀን 1966 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረሃብ» የተባለውን ፊልሙን በለንደን ቴሌቪዥን አሳየ። ረሃቡ የጠናው በአፋር አርብቶ አደሮች፣ በራያ፣ በየጁና በአምባሰል ጭሰኞች ላይ ነበር። ይህ ሙስሊሙ ሕዝብ የሚበዛበት ወይም ከክርስቲያኑ ጋር ተደባልቆ የሚኖርበት አገር ነው። በፊልሙ ውስጥ ልጅ ታቅፈው የተቀመጡት እናቶች ማን እንደሆኑ ቢጠየቅ ብዙዎቹ ፋጡማ፣ ዘይነባ፣ ሐዋ ብለው ይመልሱ ነበር ብሎ ማሰብ ስሕተት አይሆንም። አልተጠየቁም። በመስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት፣ ንጉሡ ከሥልጣን ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀር፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብር ጋር እያፈራረቀ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። የወሎ ሴቶች ፊት አንድ ዘውድ ለመጣል ዋለ ማለት ነው። በዚያ ሌሊት ማያ ገጹ ላይ ከነበሩት ሁሉ አንድም ቃል ያልተሰጣቸው እነሱ ነበሩ።

ይህ ከአሥር ዓመት በኋላም ተደገመ። በጥቅምት 1977 ናይሮቢ የተወለደው መሐመድ አሚን ካሜራውን ይዞ፣ ማይክል በርክ ደግሞ ዘገባውን እያሰማ ኮረምን ለዓለም አሳዩ። ዓለም ደነገጠ፣ ዘፈን ተዘፈነ፣ እህል መጣ። ያ ዘገባ ሕይወት ያተረፈ ሥራ ነው፤ ዋጋውን ማሳነስ ግፍ ይሆናል። ነገር ግን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ «ኢትዮጵያዊት እናት» በውጭ አገር ጋዜጣ ላይ አንድ መልክ ብቻ ኖራት፦ ነጠላ ወይም ሻሽ የተከናነበች፣ የከሳ ልጅ የታቀፈች፣ ዝም ያለች። ከሁለት አሠርት ዓመታት በኋላ በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ከኢትዮጵያ ሕዝብ 33.9 በመቶው ሙስሊም እንደሆነ ተመዘገበ። ከዚያ ሕዝብ ግማሽ ለሚሆኑት ሴቶች ዓለም ያዘጋጀው ሥዕል ይህ ነበር። በዚያው በ1977 የናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት በጁን 1985 እ.ኤ.አ. እትሙ አረንጓዴ ዓይን ያላትን የአፍጋን ስደተኛ ልጅ በሽፋኑ አወጣ። ፎቶው በዓለም ታዋቂ ሲሆን የልጅቷን ስም ፎቶ አንሺው ያወቀው ከ17 ዓመት በኋላ ነው። የወሎዋን እናት ፈልጎ የተመለሰ ግን የለም ማለት ይቻላል።

በ1985 የፕሬስ ሕግ ሲወጣ ነገሩ መቀየር ጀመረ። «ቢላል» የተባለ መጽሔት በአዲስ አበባ መታተም ያዘ፤ «ሂክማ»፣ «ቁድስ» እና ሌሎችም ተከተሉ። ታሪክ ጸሐፊው ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ የእነዚያን ዓመታት የሙስሊም ጽሑፎች ሰብስበው ካጠኑት ምሁራን ግንባር ቀደም ናቸው። በእነዚህ ገጾች ስለ ሙስሊም ሴት ብዙ ተጻፈ፦ ስለ ሒጃብ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ትምህርት። ጸሐፊዎቹ በአብዛኛው ወንዶች ነበሩ፤ የሚጻፍላትም ምክር ነበር። ከውጭ ያለው ካሜራ ዝም አሰኝቷት ነበር፤ የገዛ ወገኗ ብዕርም ብዙ ጊዜ ስለ እሷ ይናገር ነበር እንጂ እሷን አያናግርም። ይህን መናገር ለእነዚያ መጽሔቶች ያለውን ክብር አይቀንስም። በጊዜው ሌላ መድረክ አልነበረም፤ ከገጾቻቸው አድገው ኋላ ብዕር ያነሡ ሴቶችም አሉ።

ቃሊቲ በዚህ ታሪክ ውስጥ የምትገባው በጉምሩኳ ብቻ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. ከአወልያ ትምህርት ቤት ተነሥቶ አንዋር መስጊድን ማዕከል ያደረገው «ድምፃችን ይሰማ» የተባለው የሙስሊሞች እንቅስቃሴ መሪዎቹንና ጋዜጠኞቹን ወደ እስር ቤት አስገባ። ከእነሱም አንዱ «የሙስሊሞች ጉዳይ» መጽሔት ዋና አዘጋጅ ዩሱፍ ጌታቸው ነው። እናቶችና እህቶች ስንቅ ይዘው በቃሊቲ እስር ቤት በር ተሰለፉ። በየጁምዓው ቢጫ ካርድ ካነሡት መካከልም ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። ጥር 28 ቀን 2005 የመንግሥት ቴሌቪዥን ፍርድ ቤት እንዳይተላለፍ ያገደውን «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተባለ ዘጋቢ ፊልም አስተላለፈ። ክሱ ገና በችሎት ላይ ነበር። በዚያ ፊልም የእንቅስቃሴው ጥያቄ የሽብር ጥያቄ ሆኖ ቀረበ። በመስጊዱ ግቢ ከልጆቻቸው ጋር ቆመው የነበሩት ሴቶች ለምን እንደቆሙ የሚናገሩበት ቦታ ፊልሙ አልነበረውም። አስከፊው የሥዕል ዓይነት ይህ ነው። ከሳሽ በካሜራ ሲናገር ተከሳሽ ቃሊቲ ተዘግቶበታል።

በ2006 መጀመሪያ ሳዑዲ ዓረቢያ ከመቶ ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስታባርር የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ምስሎች በየቴሌቪዥኑ ታዩ። ጥቁር አባያ የለበሱ ሴቶች በፌስታል ንብረታቸውን ይዘው ይወርዱ ነበር። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ክርስቲያን ነበሩ፤ ቪዛ ለማግኘት ስማቸውን ቀይረው፣ ሻሽ አስረው ለፓስፖርት ፎቶ የተነሡ። ተመልካች ግን ሁሉንም በአንድ ልብስ አይቶ በአንድ ስም ጠራቸው።

ሥዕሉ ባልተጠበቀ መንገድ የተቀየረው በ2010 እና በ2011 ነው። በሚያዝያ 2010 ሙፈሪያት ካሚል የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆኑ፤ በዚህ ሥልጣን ላይ የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ጥቅምት 6 ቀን 2011 ግማሹ ሴቶች የሆኑበት ካቢኔ ሲሾም የሰላም ሚኒስቴርን ያዙ። በዚያው ቀን የአፋር ተወላጇ አይሻ መሐመድ ሙሳ የመከላከያ ሚኒስትር ሆኑ፤ ይህንንም ሥልጣን የያዙ የመጀመሪያዋ ሴት። የፌዴሬሽን ምክር ቤቱን ደግሞ ኬሪያ ኢብራሂም ይመሩ ነበር። ሻሽ ያሰረች ሴት ጦር ሠራዊት ስትጎበኝ የሚያሳየው ፎቶ በአዲስ አበባም በውጭም ተባዛ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባላል። ዘገባው በዋናነት ስለ መጀመሪያነታቸውና ስለ መልካቸው ነበር። ስለ በጀት፣ ስለ ሹመት፣ ስለ ውሳኔ የጠየቃቸው ጋዜጠኛ ሲኖር፣ ሲመሰገኑም ሲተቹም እንደ ሚኒስትር ሲታዩ፣ ያን ጊዜ ሻሹ ዜና መሆኑ ይቀራል።

የውጭው ሲኒማ ግን ከበርተን ብዙ አልራቀም። በ2012 መባቻ በቶሮንቶ የታየው «ስዊትነስ ኢን ዘ ቤሊ» የተባለው ፊልም ስለ ሐረርና ስለ አንዲት ሙስሊም ሴት ነው። ዳይሬክተሩ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ኢትዮጵያዊ ነው። መጽሐፉን የጻፈችው ካሚላ ጊብ ሐረር ላይ ጥናት የሠራች ካናዳዊት ናት። ባለታሪኳ ነጭ ናት፤ የተጫወተችውም ዳኮታ ፋኒንግ ናት። ቅንጭቡ ሲለቀቅ ብዙ ኢትዮጵያውያን ተቆጡ። የመጽሐፉ ሐሳብ በእርግጥ የነጭ ልጅ ታሪክ ነው፤ በዚህ ማንም አልዋሸም። ቁጣው የመጣው ከሌላ ቦታ ነው። የሐረር ሙስሊም ሴት ለዓለም ሲኒማ ስትበቃ፣ መሐል ላይ የቆመችው ሌላ ሰው ነበረች።

ነሐሴ 5 ቀን 2016 ፓሪስ ውስጥ የሆነው ሌላ ነው። አዳማ ተወልዳ በ15 ዓመቷ በስደት ኔዘርላንድስ የገባችው ሲፋን ሐሰን ማራቶኑን በ2:22:55 የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈች። ትዕግሥት አሰፋን የቀደመቻት በሦስት ሰኮንድ ነው፤ መጨረሻው ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተዋል። ከዚያ በፊት በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ ወስዳለች። በመዝጊያው ሥነ ሥርዓት ሒጃብ አድርጋ ሜዳሊያዋን ተቀበለች። ፈረንሳይ የራሷን አትሌቶች ሒጃብ በከለከለችበት ውድድር ላይ ነበርና የዓለም ሚዲያ በዚያ ላይ ተረባረበ። ሯጯ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጣ ሦስት ሜዳሊያ የሰበሰበች ሴት ናት። ይህን ያህል ጉልበት ያፈሰሰ ሰው ስለ ልምምዱና ስለ ውድድሩ መጠየቅ ይገባዋል። እሷ ግን ልብሷን የመረጠችው ራሷ ናት፣ ማንም ሳያስገድዳት በዓለም ፊት። ከመስተዋት ጀምሮ ባለው ታሪክ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው።

በአገር ቤት ለውጡ ቀስ ያለ ነው። በ2017 በአክሱም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒጃብ ያደረጉ ተማሪዎች ክፍል እንዳይገቡ ተከለከሉ፤ የ12ኛ ክፍል ፈተና ምዝገባም አስጨነቃቸው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በጥር ወር መቀሌ ላይ ሰልፍ ተደረገ። ዜናው በቢሮ ደብዳቤ፣ በምክር ቤት መግለጫና በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተሞላ። ፊዚክስ አጥንታ ፈተና ልትቀመጥ የነበረች ልጅ በክርክሩ ውስጥ ጭብጥ ሆነች። ከልጆቹ ጋር ተቀምጠው የተነጋገሩ ዘጋቢዎች ነበሩ፤ ጥቂቶች ነበሩ እንጂ።

ዛሬ እንደ ሚንበርና አፍሪካ ባሉ የሙስሊም ቴሌቪዥን ጣቢያዎች፣ በሐሩን ሚዲያና በየዩቲዩቡ ሒጃብ ያደረጉ ወጣት ጋዜጠኞች ማይክ ይዘው ይታያሉ። አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ያለች ተማሪ እንደ እሷ የለበሰች ዜና አንባቢ በስልኳ ማየት ትችላለች። ሌሎቹ ትልልቅ ጣቢያዎች ግን ሙስሊም ሴትን በብዛት የሚጋብዟት በረመዳን ነው። ሳምቡሳ እንዴት እንደሚጠቀለል ታሳያለች፣ ሾርባው ውስጥ ምን እንደሚገባ ትናገራለች፣ አቅራቢው ቀምሶ ያመሰግናል። ዘይቱን በስንት ብር እንደገዛች፣ የሱቅ ኪራይ ስንት እንደገባ፣ ልጇ በየትኛው ትምህርት ቤት እንደምትማር የሚጠየቀው ለሌላ ፕሮግራም ነው፤ ለዚያ ፕሮግራም የሚደወለው ደግሞ ለሌላ ሰው ነው።